ድስት ያዋሱኝን ጻፍ

በደሴ ከተማ፣ ለሰፈር በጎ ፈቃደኞች ዓመታዊ የምስጋና ሽልማት ለማቋቋም በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረና ለንባብ የተዘጋጀ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቅሬ (የዕድር) ሰብሳቢዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ለበጎ ፈቃደኞቻችንና የላቀ ውጤት ላመጡ ልጆቻችን በየዓመቱ ሽልማት እንስጥ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዋን ዕጩ የማነጋገሩ ሥራም ለእኔ ተሰጠ። ዕጩ ለመፈለግ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሸዋ በር በኩል የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ወደ መጨረሻው ትረዱልኛላችሁ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ከሰሜን ወሎና ከራያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደሴን ሲሞሉ ትምህርት ቤቶቻችን መኝታ ቤት ሆነው ነበር። ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ አራስ። እኒህ እናት በየማለዳው አጥሚት አፍልተው፣ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላ ጠቅልለው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተሸክመው ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ይወርዱ ነበር። የትኛዋ አራስ ጡቷ እንደነጠፈ፣ የትኛው ሕፃን ሌሊት እንደሚያስለው፣ የትኛው ሽማግሌ የስኳር መድኃኒቱን መንገድ ላይ ጥሎት እንደመጣ ከመዝገብ ያዡ ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ራሱ ከተማችን ገብቶ እኛም በተራችን ተፈናቃይ እስክንሆን ድረስ አንድ ቀን አልቀሩም።

ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጥቼ ስጨርስ ጉዳዬን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ረከቦቱ ላይ ያሉትን ሲኒዎች ሲያስተካክሉ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ቶናውንም በረካውንም ጠጥተህ ሂድ። አጅሬን ግን አትብላብኝ» አሉኝ።

አጅር ምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ወሎዬ አልተረጉምም። ይህን ከሌላ አገር ለሚያነብ ግን፣ ለበጎ ሥራ ከፈጣሪ ዘንድ የሚጠበቀው ዋጋ ነው። እናታችን የሚሉኝ፣ ለአላህ ብዬ የሠራሁትን አደባባይ አውጥተህ በጭብጨባ ከለወጥኸው ዋጋዬን እዚሁ በልቼ ጨረስሁት ማለት ነው፣ ነው።

አፍሬ ወጣሁ። ማታ ለጎረቤቴ ለቄሱ ነገሩን ሳጫውታቸው ይደግፉኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። «እውነታቸውን ነው» አሉ ቄሱ። «ወንጌሉም ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ሰው እንዲያየው ብሎ የመጸወተ ዋጋውን ተቀብሏል።» በአንድ ቀን፣ በሁለት ሃይማኖት፣ በአንድ ቃል በሩ ተዘጋብኝ።

ይህን የማነሣው እንዲሁ ለመግቢያ ያህል አይደለም። ሽልማት ለመስጠት የሚሰባሰብ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ከልቡ የሚሠራ ሰው መታየት አይወድም። መታየት የሚወደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጹን ራሱ ሞልቶ ራሱ ያመጣዋል። ይህን ሳናስብ ወደ ዋንጫና ወደ ካባ ከሮጥን፣ በየዓመቱ የምንሸልመው ወደ መድረክ ለመውጣት ያልከበደውን ብቻ ይሆናል።

ብዙ ካሰላሰልሁ በኋላ ወደ አንድ ሼህ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። እሳቸው በመጀመሪያ ያነበቡልኝ ከቁርኣን ነው፤ ምጽዋትን ብትገልጹት መልካም ነው፣ ደብቃችሁ ለድኾች ብትሰጡት ደግሞ ለእናንተ የበለጠ ነው የሚለውን። ቀጥለውም አንድ ሐዲስ ጠቀሱልኝ፦ ሰዎችን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም። ወደ ቄሱ ተመልሼ ይህንኑ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና የአሥሩን ለምጻሞች ታሪክ አነሡ። አሥሩም ነጹ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነበር። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ተብሎ ተጠየቀ። ልብ በሉ፤ ጥያቄው የቀረበው ለፈወሰው አይደለም፤ ለተፈወሱት ነው።

እንግዲህ እኔ የገባኝ ይህ ነው። መደበቅ የሠሪው ፈንታ ነው፤ ማመስገን ደግሞ የእኛ ዕዳ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። እናታችን ሥራቸውን የመሸሸግ ሙሉ መብት አላቸው፤ እኛ ግን አላየንም የማለት መብት የለንም። በየዓመቱ የምንሰበሰብ ከሆነ የምንሰበሰበው ይህን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ዕዳውን ያልከፈለ ከተማ ምን እንደሚያጣ ከራሳችን ታሪክ ላሳያችሁ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማችን ከገቡ ገና ሳምንት ያህል መሆኑ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ተቀጣጣይ ቦምብ ቤቶችን አነደደ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ከመመታት አልዳነም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ በተመሠረተ በአምስተኛው ወር ምልክቱ ደሴ ላይ በእሳት ተፈተነ ማለት ነው። በከተማው የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞች ለመንግሥታት ማኅበር በቴሌግራም ተቃውሟቸውን አሰሙ።

የሐኪሞቹ ስም በመጻሕፍት አለ። የንጉሠ ነገሥቱ ፎቶግራፍ አለ። ያን ቀን በእንስራ ውኃ እየተቀባበለ እሳቱን ያጠፋው፣ ቁስለኛውን በቃሬዛ የተሸከመው፣ ቤቷ ያልተቃጠለባት ሆና ቤቷ የተቃጠለባትን ያስገባችው ደሴዬ ግን ስሙ የት ነው? እኔ ልጅ ሳለሁ በሰኞ ገበያ በኩል ያን ቀን ያዩ አዛውንቶች ነበሩ። ያወሩልን የነበረው ስለ አውሮፕላኑ ድምፅ ነበር። እኛም ልጆች ስለ ድምፁ እንጂ ስለ ተሸካሚዎቹ አልጠየቅናቸውም። እነሱም ሥራቸውን እንደ እናታችን ሸሽገው ሄዱ። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ብሎ የሰየመው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5 የሚውለውን ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ይህ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚውለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኅዳር 26። ዓለም በጎ ፈቃደኛን የሚያስብበት ቀንና ደሴ የተደበደበችበት ቀን በእኛ ካሌንደር አንድ ላይ ወድቀዋል። ሽልማታችን በየትኛው ቀን ይሁን ብላችሁ የምትጠይቁኝ ከሆነ መልሴ ይህ ነው። አዳራሽም ቢሆን ሩቅ አንሂድ። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍ ብለው የሰየሙት አገር ላይ ነን። ስሙ ራሱ ማንን መጋበዝ እንዳለብን ይነግረናል።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜ ልናገር፤ መቼ ነው ማመስገን ያለብን በሚለው ላይ።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን የማያውቅ የለም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አልቅሶላቸዋል። ታሪካቸው የተጀመረው ግን በእኛ ምድር እንደሆነ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ መጥተው ነበር። በመንገዱ ዳር በረሀብ የወደቀ ሰው አዩ። ሕይወቷ ያለፈ እናቷ ሥር የተቀመጠች ሕፃን አዩ። ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው ከእኔና ከልጆቹ ምረጪ አሏቸው፤ ልጆቹን መርጠው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። ዘመድ አብደሻል አላቸው።

ሽልማቱ፣ የክብር ዶክትሬቱ፣ የአፍሪካ እናት መባሉ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ተገቢ ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን እሳቸው የሰው ቃል ክፉኛ ያስፈልጋቸው የነበረው መቼ ነበር? አብደሻል በተባሉበት ዓመት አይደለም? ያን ጊዜ አንድ የሰፈር ቅሬ ወይም ዕድር ቆሞ «ይህች ሴት አላበደችም፤ የምታደርገውን እያየን ነው፤ ከጎኗ ነን» ብሎ ቢመሰክር ኖሮ ያ ቃል ከኋለኛው ሜዳሊያ ሁሉ ይበልጥባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የሰፈር ሽልማት ከአገር አቀፉ የሚለይበት ሥራ እዚህ ላይ ነው። በአገር ደረጃ ለምሳሌ የበጎ ሰው ሽልማት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ከሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ ብዙ ታላላቅ ሰዎችን አክብሯል። እኛ ከዚያ ጋር አንወዳደርም። አገር የሚያየው ጦሳ ተራራ ላይ የወጣውን ነው። ጎረቤት የሚያየው ገና ከሥሩ ተነሥቶ ዳገቱን የጀመረውን ነው፤ ጫማው የተቀደደበትን፣ ቤተሰቡ የተነጫነጨበትን፣ ልተወው ወይ ብሎ ሌሊት የሚያስበውን። የእኛ ሽልማት ያን ሰው በሁለተኛው ዓመቱ ይድረስለት።

ማን ይጠቁም ለሚለው መልሱ እጃችን ላይ ነው። ቅሬ አለን። ቅሬ ማን ለቀብር እንደሚቀድም፣ ማን ሐዘንተኛ ቤት ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ድንኳኑን እንደሚያፈርስ ያውቃል። በቢሮ የተቀመጠ ኮሚቴ ይህን ሊያውቅ አይችልም። በየቅሬው ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት ይሰጠን፤ ሰው ይነሣና ይመስክር። ራሱን የሚጠቁም አይኑር። የወንድሙን ልጅ የሚጠቁምም ከቤተሰቡ ውጪ ሁለት ምስክር ያምጣ።

ምስክርነቱ ደግሞ ቁርጥ ያለ ይሁን። ይህን የምለው በደረሰብኝ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው የበጎ ፈቃደኞች ምስጋና ላይ ተጋብዤ ነበር። ለሦስት ሰዓት ንግግር ተደረገ። በመጀመሪያ የተጠሩት የገንዘብ ድጋፍ ያደረጉ ድርጅቶች ናቸው፤ ቀጥሎ ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ተሸላለሙ። በጎ ፈቃደኞቹ በመጨረሻ ተጠርተው ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ተቀበሉ፤ «ላደረጉት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚል። ከአጠገቤ የነበረች ወጣት ወረቀቷን ብታየው የአባቷ ስም የሌላ ሰው ስም ነው። ክረምቱን ሙሉ የአንዲት አቅመ ደካማ ሴት ቤት ጭቃ ስትመርግ የከረመች ልጅ ናት። ምንም አላለችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሚቀጥለው ክረምት ግን አልመጣችም፤ እኔም አልፈረድሁባትም።

«የላቀ አስተዋጽኦ» የሚለው ቃል ምንም አላየሁም ማለት ነው። ያየ ሰው እንዲህ ይላል፦ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ድረስ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ፣ ጭዱን ከገራዶ በኩል አስመጥታ፣ የእገሊትን ቤት ሦስት ግድግዳ መርጋለች። ምን ሠራ፣ ለማን ሠራ፣ ስንት ጊዜ፣ ማን አየ፤ ይህ ይጻፍ። ስሙ ከመታተሙ በፊት ደግሞ ለባለቤቱ ይነበብለት። ሽልማቱ ያ ጽሑፍ ራሱ ነው። ዋንጫ ከሱቅ ይገዛል፤ ምስክርነት ግን አይገዛም።

እስቲ እንዴት እንደሚጻፍ በሁለት በሦስት ሰው ልሞክር።

ደም የሚለግስ ወንድማችን አለ እንበል። ጤናማ ሰው በየ3 ወሩ ደም መስጠት ይችላል፤ በዓመት 4 ጊዜ። 10 ዓመት ያላቋረጠ ሰው 40 ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደም ይቀዳል፤ ተደምሮ 18 ሊትር ያህል ይደርሳል። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ጠቅላላ ደም 5 ሊትር አካባቢ ነው። ይህ ሰው ራሱን ከሦስት ጊዜ በላይ ቀድቶ ሰጥቷል። የተለገሰ ደም ደግሞ ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አያገለግልም። ስለዚህ በአንድ በዓል ቀን ተሰልፎ ፎቶ ከሚነሣው ሺህ ሰው ይልቅ በየሦስት ወሩ ዝም ብሎ የሚመላለሰው አንዱ በወሊድ ላይ ለምትደማ እናት ይደርስላታል። ምስክር ወረቀቱ ላይ 40 የሚለው ቁጥር ይስፈር። ልጆቹ ያንብቡት።

ሌላዋ አስተማሪ ናት። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም በድንጋጤ ሰምተናል። ስለዚህ ከሰፈራችን አንድ ልጅ ሲያልፍ እንሸልመዋለን፤ ይገባዋልም። እኔ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ልጁ ወደ መድረክ ሲጠራ ማን እንዳስጠናው ይጠየቅ። ቅዳሜና እሁድ በረንዳዋ ላይ ስምንት ልጆች ሰብስባ፣ ኖራና የተሰበረ ሰሌዳ ይዛ፣ ሒሳብ ያስጠናችው ጡረተኛ መምህርት ከጎኑ ትቁም። ባለ ውጤቱና በጎ ፈቃደኛዋ በሁለት መደብ ተለያይተው መሸለማቸው ስሕተት ነው፤ አንድ ሥራ ነው የሠሩት።

ሦስተኛው የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ደሴ በጉም ተሸፍና ውሻ እንኳን ከተኛበት ሳይነሣ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ የሞተ ሰው ስም የሚጠራልን። ስንቶቻችን የአባታችንን ሞት የነገርነው መጀመሪያ ለእሱ ነው። እሱ ሲያልፍ ጥሩምባውን ማን ይነፋለታል ብለን አስበን እናውቃለን?

ሴቶችን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ወንድ ድንኳን ሲተክል በጎ ፈቃድ ይባላል፤ ሴት ሦስት ቀን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር ግን ወጉ ነው ተብሎ ይታለፋል። በመዝገባችን ላይ ምድጃ ዳር የተሠራ ሥራ ደጅ ከተሠራው እኩል እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። ይህ ካልተጻፈ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ከአሥሩ ተሸላሚ ዘጠኙ ወንድ ይሆናሉ።

ስለሚሰጠው ነገር አጭር ቃል ብቻ። ብዙ ብር አንስጥ፤ ብር ሲበዛ ጥል ይመጣል። ጋቢ ይልበሱ። ምስክርነቱ በሕዝብ ፊት ይነበብላቸው። ለተሸላሚው ቤተሰብ ደግሞ የዓመቱን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ እንክፈልላቸው። ሰው ሲታመም ሲሮጥ ለኖረ ሰው፣ እሱ ሲታመም ሐኪም ቤት በር ላይ ገንዘብ ሳይፈልግ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ያለው ወገናችንም ይህንኑ ቢጀምር ቅጾቻችንንና ስሕተቶቻችንን ጭምር እናካፍለዋለን።

አሁን ወደ እናታችን ልመለስ።

ሐዲሱንና የአሥሩን ለምጻሞች ታሪክ ይዤ እንደገና ወደ ሸዋ በር ሄድሁ። ዳግመኛ ቡና ተፈላ። የሼሁንም የቄሱንም ቃል አንድ በአንድ ነገርኋቸው። «እናቴ፣ እርስዎ ይደብቁ፤ እኛ ግን ካላመሰገንን እንጠየቃለን» አልኋቸው። በጥሞና አዳመጡኝ። እጣኑን ጨመሩና፣ «ማመስገን ግዴታችሁ ከሆነስ እኔ አልከለክልም» አሉ። ደስ ብሎኝ ብዕሬን አወጣሁ።

«እኔን ግን ተወኝ» አሉ። «እኔ ያለኝ አንድ ድስት ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከአንድ ድስት ጠጣ? ድስት ያዋሱኝን ጻፍ።»

መቁጠር ጀመሩ። ከታች ቤት ያለችው ሁለት ድስት፤ አንዱ እስካሁን ጥላሸቱ አልለቀቀም። ወፍጮ ቤት ያለው ልጅ አጃውን ያለ ክፍያ የፈጨላቸው። በዝናብ ቀን እናታችንን ከነድስታቸው በባጃጅ የጫናቸው ወጣት። ስኳር በኪሎ ሲወደድ በጆንያ ያስቀመጠላቸው ባለ ሱቅ። ጡቷ የነጠፈባትን አራስ ልጅ ከራሷ ልጅ ጋር ያጠባች ጎረቤት።

«ጎረቤትህ ቄሱስ?» አሉኝ ድንገት። «ማገዶ ይልኩልን እንደነበር አልነገሩህም?»

አልነገሩኝም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ አጥር ስንኖር፣ ያን ማታም ስለ ቀኝና ስለ ግራ እጅ ሲያስረዱኝ፣ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ወረቀቱ ሞላ። ገልብጬ በጀርባው ቀጠልሁ። ይኸውላችሁ፣ በእጄ የያዝሁት እሱ ነው፤ 31 ስም አለበት። የእሳቸው የለበትም።